በወታደር ዓይነት ልምምድ ሰውነትን ስለ ማጠንከር፦ ጅማ ላይ ጂም ሳልገባ ከየት ልጀምር?

የኮቺው ሒሳብ ሠራተኛ፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕድሜዬ 31 ሲሆን የምኖረው ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚያውል የሒሳብ ሥራ በመሆኑ ባለፉት አራት ዓመታት ክብደቴ ከ68 ወደ 83 ኪሎ አድጓል። ጉዳዩን ችላ ብዬው ቆይቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ግንቦት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳየው ወደ ጅሬን በእግር ስንወጣ፣ የአገሩ ሰው እኔ ሆኜ ሳለ ትንፋሽ አጥሮኝ መንገድ ዳር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እንግዳዬ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጂም ለመመዝገብ ሰዓቱም ገንዘቡም ስላልተመቸኝ በራስ ክብደት ብቻ የሚሠራ ልምምድ ስፈልግ «የኮማንዶ የ30 ቀን ልምምድ» የሚል ቪዲዮ ስልኬ ላይ አገኘሁ። መርሐ ግብሩ በየቀኑ 100 ፑሽ አፕ፣ 200 ቁጭ ብድግ፣ 100 ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት) እና 50 በርፒ (ቁጢጥ ብሎ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ተመልሶ መነሣት)፣ በመጨረሻም 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚያዝ ሲሆን የእረፍት ቀን የለውም፤ ተናጋሪው እንደሚለው ወታደር እረፍት አያውቅም።

ለ11 ቀናት ታገልኩት። ፑሽ አፑን በአምስት በአምስት እየከፋፈልኩ፣ መጨረሻው ላይ ወገቤ መሬት እየነካ፣ እንደ ምንም ቁጥሩን እሞላ ነበር። በአራተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ሲያቅተኝ ጓደኞቼ «ይለቅሃል» ስላሉኝ ታገሥኩ። በስምንተኛው ቀን ግን የሁለቱም እግሮቼ ቅልጥም በውስጥ በኩል መጠዝጠዝ ጀመረ፤ ሲት አፕ በሠራሁ ቁጥርም የወገቤ ታችኛው ክፍል ያመኝ ነበር። በ11ኛው ቀን አቆምኩ፤ ከቆምኩም ሳምንት አለፈኝ።

ለመሆኑ ወታደሮች በእርግጥ የሚሠለጥኑት እንዲህ ነው? እንዲህ ከሆነ እኔ የጎደለኝ ምንድን ነው? ፑል አፕን (ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብን) በተመለከተ ደግሞ ከጠቀስኳቸው በተጨማሪ ቪዲዮው ውስጥ ነበረ፤ አንድም እንኳ መሥራት ስለማልችል ዘልዬዋለሁ፤ በግቢያችንም የብረት ዘንግ የለም። በዚህ ላይ ክረምቱ ገብቶ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ሆኗል። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ሳቅሁ፣ በሁለተኛው ግን አዘንኩልህ። ያ ቪዲዮ ያሳየህ የወታደር ልምምድ የሚመስል የወታደር ቅጣት ነው። በእኔ ጊዜ 200 ቁጭ ብድግ የሚሠራው ሰልፍ ላይ የዘገየ፣ ጫማውን ያላሰረ ወይም በተጠንቀቅ ቆሞ የሳቀ ሰው ነበር። ቅጣቱ የተሰጠው ጡንቻ እንዲያወጣ ታስቦ አይደለም፤ ነገ እንዳይዘገይ ነው። ከሩቅ ሆኖ ያየ ሰው ግን ወታደር የሚጠነክረው በዚያ ይመስለዋል።

እኔ ምልምል ሆኜ ስገባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍነው በአብዛኛው በእርምጃ ነው። ግራ ቀኝ እያሉ ሰልፍ መርገጥ፣ ጠዋት ቀለል ያለ ዱብ ዱብ፣ ከዚያ እጅና እግር የሚያፍታታ ጂምናስቲክ። ከገጠር የመጡት ልጆች ዳገት የለመዱ ስለነበሩ ይህ ጨዋታ ይመስላቸው ነበር፤ እኛ የከተማዎቹ ግን በዚያም ብቻ እግራችን ውኃ ይቋጥር ነበር። ጭነት ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ የመጣው በጣም ቆይቶ ነው። አሠልጣኛችን ቁጣው የሚያስፈራ ሰው ቢሆንም፣ አንድ ሰው ማነከስ ከጀመረ ከሰልፉ አውጥቶ ጫማውን አስወልቆ እግሩን ያይ ነበር። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን እግርህን አያይልህም።

ሌላም የዘነጋኸው ነገር አለ። ምልምል ወታደር ሌላ ሥራ የለውም፤ የሚተኛበት፣ የሚበላበት፣ የሚነሣበት ሰዓት በሌላ ሰው ተወስኖለታል። አንተ ግን የወታደሩን ድካም ወስደህ እንቅልፉን ሳትወስድ ቀርተሃል። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስትደምር ውለህ፣ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ስልክ ስትነካካ አምሽተህ፣ ጠዋት 50 በርፒ መሥራት ሰውነትን ማጎሳቆል ነው።

የእኛኑ አገር ምሳሌ ብወስድ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም እንደ ተአምር አየው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ኦኒ ኒስካነን በተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ እጅ በሥርዓት ሲሠለጥን የቆየ ሰው ነው። በ30 ቀን የተሠራ አልነበረም።

የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተህ ለሁለት ሳምንት ዝም ብለህ ፈጠን ባለ እርምጃ ሂድ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን። ከወታደር ቤት ልትወስድ የሚገባህ የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሃምሳ አለቃ የጻፉትን አከብራለሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ ቅልጥምዎና ስለ ወገብዎ ልጨምር፤ ምክንያቱም ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ሕመሙ ነው።

ሰውነት ልምምድን የሚለምደው በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ፣ ጡንቻም ይከተላል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሽዎ «አሁን እችላለሁ» ሲልዎት አጥንትዎ ገና አልደረሰም፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ወታደሮች ናቸው። ብራይትሃፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ከረጅም ጉዞ በኋላ የወታደሮች እግር እንደሚያብጥና እንደሚያም ጽፎ ነበር፤ የራጅ መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ምክንያቱ የእግር አጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታወቀ። እስከ ዛሬም ይህ ጉዳት በብዙ አገሮች የምልምሎች ዋና ችግር ነው።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉ። ተቀምጠው በአውራ ጣትዎ የቅልጥምዎን የውስጥ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ይጫኑ። ሕመሙ በአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ላይ የተዘረጋና ሲያርፉ የሚቀንስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ከእሱ ጋር የተያያዙት ጡንቻዎች መቆጣት ስለሆነ ሩጫውን በመቀነስ ይሻሻላል። ሕመሙ የጣት ጫፍ በምታክል አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ተሰብስቦ ሲነኩት የሚያስጮህ፣ ማታ ተኝተውም የማይተውዎት፣ ወይም በአንድ እግር ሲዘሉ የሚባባስ ከሆነ ግን ሩጫና ዝላይ ሙሉ በሙሉ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል፣ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰው መታየት አለብዎት።

ሲት አፕን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል ምልምልና ነባር ወታደሮቹን የሚፈትነው በሁለት ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ በሁለት ደቂቃ ሲት አፕ እና በ3.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ያ ፈተና ቀርቶ በሌላ ሲተካ ሲት አፕ ወጥቶ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣቶች ላይ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ገብቷል፤ የባሕር ወለድ ጦሩም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሆድ ጡንቻን የሚፈትነው በፕላንክ ብቻ ነው። ወገብን ደጋግሞ ማጠፍ በተለይ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው የማይመች በመሆኑ፣ እርስዎም ፕላንክን ከ20 ሰከንድ ቢጀምሩ ይበቃዎታል።

በርፒም የራሱ ታሪክ አለው። ስሙን ያገኘው ሮያል በርፒ ከተባለ አሜሪካዊ የሰውነት ተግባር ተመራማሪ ሲሆን፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዘጋጀው የአካል ብቃት መለኪያ እንዲሆን ነው፤ ሰው አራት ጊዜ ብቻ ይሠራና የልብ ምቱ ይቆጠር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለምልምሎች መፈተኛነት ወሰደው። እንግዲህ ቪዲዮዎ ውስጥ ካሉት ልምምዶች ብዙዎቹ ፈተናዎች ናቸው ማለት ነው። ተማሪ በየቀኑ ማትሪክ እየተፈተነ እንደማይማር ሁሉ፣ ወታደርም በየቀኑ በፈተናው ልክ አይሠለጥንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ካልለመዱት ብዙ ድግግሞሽ በኋላ ጡንቻው አብጦ ከጠነከረና ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ የተጎዳው ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። «ይለቅሃል» የሚባለው ለዚህ አይሠራም።

የስታዲየም አካባቢ አሠልጣኝ፦

ወንድሜ፣ ቅልጥምህ ፊዚዮቴራፒስቷ እንደገለጹት ቀለል ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ።

ያለ መሣሪያ ለመሠልጠን ከተዘጋጁት የጦር ሠራዊት መርሐ ግብሮች ሁሉ እኔ የምወደው የካናዳ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣውን ነው። ያዘጋጀው ቢል ኦርባን ሲሆን አምስት እንቅስቃሴዎች ብቻ አሉት፤ በቀን የሚወስደው 11 ደቂቃ ነው። የሚገርመው ልምምዱ ራሱ አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ሁሉም ሰው ከታችኛው ደረጃ ይጀምራል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይም ቢያንስ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት በዕድሜው ተወስኗል። ዛሬ በረታሁ ብለህ ሦስት ደረጃ መዝለል አይፈቀድልህም። እንቅስቃሴዎቹ አሁን ያረጁ ቢሆኑም (እነ ሲት አፕ አሉበት) ሐሳቡን ግን ልትወርሰው ይገባል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የጉልበት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ የእግር ጉዞና ሩጫ አድርገው። ፑሽ አፕን ከመሬት አትጀምር። እጅህን የመስኮት ደፍ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ፣ ከራስህ እስከ ተረከዝህ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለህ ስምንት ስምንት ጊዜ ሦስት ዙር ሥራ። ሁለት ወይም ሦስት ልትጨምር እንደምትችል እየተሰማህ አቁም፤ እስክትወድቅ አትሥራ። ሦስቱንም ዙር አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት በንጹሕ ስትሠራ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት ውረድ። ወገብህ እየተንጠለጠለ የሠራኸው ሃምሳ ፑሽ አፕ ውስጥ ደረትህ የሠራው ምናልባት አሥሩን ነው፤ ቀሪውን የከፈለው ወገብህ ነው። ቁጭ ብድጉን አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርገው፤ ሲቀልህ ቁጥሩን ከመጨመር ይልቅ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተህ ደረትህ ላይ አቅፍ፤ አምስት ኪሎ ነው።

መሳብን መዝለልህ ትልቁ ስሕተትህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ኪቦርድ የሚያጎነብስ ሰው ከመግፋት የበለጠ የሚያስፈልገው መሳብ ነው። ከከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ሥር በጀርባህ ተኝተህ ጠርዙን ይዘህ ደረትህን ወደ ላይ ሳብ፤ ተረከዝህ መሬት ላይ ይሁን። ይህን አሥር ጊዜ ስትችል ወደ ዘንግ ተሸጋገር፦ ወንበር ላይ ቆመህ አገጭህን ከዘንጉ በላይ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ እግርህን አንሥተህ እስከ አምስት እየቆጠርክ በዝግታ ውረድ። በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት መውረድ በቂ ነው። የመጀመሪያዋ ፑል አፕ ወራት ልትወስድ ትችላለች፤ የምትቀንሰው እያንዳንዱ ኪሎም የማትስበው ኪሎ ነው።

መሸከምንም አትርሳ። ዦርዥ ኤቤር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዎችን በማሸሽ ሥራ ላይ ነበረ፤ በኋላ የነደፈው የሥልጠና ዘዴም መራመድን፣ መሮጥን፣ መውጣትን፣ መወርወርንና ማንሣትን ያካተተ ነው፤ ጥንካሬ ለሰው የሚጠቅም መሆን አለበት ይል ነበር። ውኃ ሲጠፋ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ተሸክመው የሚመለሱት የሰፈርህ ልጆች ይህን ያለ አስተማሪ ይሠሩታል። እህትህን ወይም ሠራተኛዋን ከመላክ አንተው ብትሄድ ልምምድ ነው። (የቡና ጆንያ ግን ተው፤ 60 ኪሎውን መርካቶ ያሉት ወዛደሮች ይችሉታል።)

ለሩጫው፣ መጀመሪያ ለሠላሳ ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ መቻልህን አረጋግጥ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተህ ፍጥነቱ በዝቷል። ክረምት ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱን ያዝ፤ ጭቃ ላይ መሮጥ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ጅሬንን ለመስከረም አቆየው።

ስለ ክብደቱ ግን ልምምዱ ብቻውን ብዙ አያደርግልህም። አንተን የሚያክል ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው ወደ 400 ካሎሪ ሲሆን፣ ይህ የሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ያህል ነው። ለስላሳውን መተው ይቀላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና እንቁላል ለጡንቻህ ይበቃሉ፤ የፕሮቲን ዱቄት አትግዛ። ከተማችን ጅማ ስለሆነች ሌላም ልናገር፦ ጫት የምትቅም ከሆነ በቃምክበት ሰዓት አትሩጥ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ረሃብና እንቅልፍም ስለሚያጠፋ የማግሥቱን ልምምድ ይበላብሃል። በረመዳን ወይም በጾም ወቅት ደግሞ ዙሩን ከሦስት ወደ ሁለት ቀንስና ከማፍጠሪያው ሰዓት አቅራቢያ ሥራ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

ስለ ሲት አፕ የተባለውን አልቀበለውም። እኛ በመቶ የሚቆጠር ሠርተናል፤ ዛሬ በ66 ዓመቴ ወገቤ ደህና ነው፣ የዕድር ድንኳንም እተክላለሁ። የዛሬ ልጆች ወገብ የሚታመመው በወንበር ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ሆኖም ወገባቸው ያልቻለው ጓደኞችዎ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ሌላ ሥራ ተመድበው ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ የሚያስታውሱት እስከ መጨረሻው አብረውዎት የነበሩትን ነው። እኔ የማገኛቸው ደግሞ የወጡትን ነው። ስለ ወንበሩ ግን ፍጹም ትክክል ነዎት፤ ጠያቂያችን በየአርባ ደቂቃው ተነሥተው ለሁለት ደቂቃ ቢንቀሳቀሱ ለወገባቸው ከማንኛውም ሲት አፕ ይሻላል።

የኮቺው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልኩት ቅልጥሜን ተጭኜ አየሁት፤ ሕመሙ ስንዝር ያህል የተዘረጋ ነው፣ ማታም አይቀሰቅሰኝም፤ ስለዚህ ለሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ ወስኛለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እስከ ፈረንጅ አራዳ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከጠረጴዛው ሥር መሳቡን ሞከርኩት፤ አራት ብቻ ነው የሠራሁት፣ ክንዴም ሳይሆን ጀርባዬ ነው የደከመው፤ ትክክል ይመስለኛል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ በግቢያችን ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ለዘንግ የሚሆን ወፍራም ቅርንጫፍ አይቼበታለሁ። ይሸከመኛል?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦

ልጄ፣ አቮካዶ ተሰባሪ እንጨት ነው፤ 83 ኪሎ ይዞ ቢገነጠል በጀርባህ ትወድቃለህ፣ በክረምት ደግሞ ቅርፊቱ ያንሸራትታል። ክንድ የሚያክል ደረቅ የባሕር ዛፍ አጣና ፈልግና በሁለት ቋሚ ላይ፣ እጅህን ዘርግተህ ከምትደርስበት ትንሽ ከፍ አድርገህ በወፍራም ሽቦ እሰረው፤ ቋሚዎቹን ቢያንስ ክንድ ከስንዝር አስቀብራቸው። ከመንጠልጠልህ በፊት ሁለት ጎረምሶች ተንጠልጥለው ይፈትኑልህ። አጣናውን ከየት እንደምታገኝ ካላወቅህ እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ስታዲየም በር ላይ እገኛለሁ፤ በእግር እየሄድን አሳይሃለሁ።